ደንባራዋ በቅሎ ምን አየች?

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አካባቢ፣ ባለቤቶቻቸው የተማረሩባቸውን በቅሎዎች ተቀብለው የሚገሩ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አንዲት ወጣት ሐኪም ልትጎበኛቸው መጥታለች። እሳቸው ዕድሜያቸውን ከበቅሎ ጋር ያሳለፉ ናቸው፤ እሷ ደግሞ በትምህርት ያገኘችውን በየበረቱ እየዞረች የምትፈትን ናት። በምዕራብ ጎጃም መኪና የማይገባበት ቀበሌ ዛሬም ብዙ ነው። እህል ወፍጮ ቤት የሚደርሰው፣ ሽማግሌ ለእርቅ የሚሄደው፣ ካህን ከደብር ደብር የሚዘልቀው በበቅሎ በሆነበት አገር ዐመለኛ በቅሎ የቤተሰብ ሁሉ ጭንቅ ናት።

ሐኪሟ፦ እንደምን ዋሉ አባባ? በረቱ ዛሬ ሞልቷል።

ገሪው፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ዋልሽ? አዎ ሞልቷል። በቅሎዋ ደህና ስትሆን ወደ እኔ የሚያመጣ ሰው የለም። ያቺ ጥቁሯ ባጃጅ ስታይ ሰው ከነጭነቱ ጥላ ትፈረጥጣለች። ግራጫዋ ወንዝ ዳር ስትደርስ ትለግማለች፤ ቢገድሏት እግሯን አታነሳም። ይቺ ዳማዋ ደግሞ ኮርቻ ሲጫንባት ትናከሳለች። ባለቤቷ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያመጣት።

ሐኪሟ፦ ሦስቱንም በአንድ ስም ዐመለኛ ይሏቸዋል። ለእኔ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁሯ ፈርታለች፣ ግራጫዋ ተጠራጥራለች፣ ዳማዋ አሟታል።

ገሪው፦ ቀስ በይ እንጂ። ገና እጅሽን ሳታሳርፊባት አሟታል አልሽ? በእናንተ ቤት ዐመል የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በሽታ ነው። እኔ ግን ከአንድ ባዝራ የተወለዱ፣ በአንድ ግጦሽ ያደጉ፣ አንድ ሰው የገራቸው ሁለት በቅሎዎች አውቃለሁ። አንዷን ሕፃን ልጅ ይጋልባታል፤ ሌላዋ የገዛ ጥላዋን ትሸሻለች። ይህን ምን ትይዋለሽ?

ሐኪሟ፦ ተፈጥሮ እለዋለሁ፤ እሱን አልክድም። በቅሎ ከሁለት ወገን የመጣች ናት። እናቷ ባዝራ፣ አባቷ ድንጉላ አህያ ነው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62፤ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። የማትወልደውም በዚሁ አለመመጣጠን የተነሳ ነው። ጠባይዋም ከሁለቱም ተወርሷል። ፈረስ የሜዳ እንስሳ ስለነበር ሲደነግጥ ይሮጣል። አህያ ግን የበረሃና የድንጋያማ አገር እንስሳ ናት፤ ስትፈራ ቀጥ ብላ ቆማ ነገሩን ታጤናለች። በቅሎ ላይ የየትኛው ወገን ደም እንደሚያይል በየበቅሎዋ ይለያያል።

ገሪው፦ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይላሉ፤ በአህያ አባቷ ታፍራለች ሲሉ ነው። እኔ ብሆን በአባቷ እኮራላት ነበር። ጨለማ ላይ ገደል አፋፍ ስትደርሺ፣ ፈረስ ካዘዝሽው ይገባል። በቅሎ ግን ብትገርፊያትም አትገባም። ያን ጊዜ «ይቺ ልግመኛ» እያልሽ ትሰድቢያታለሽ፤ ሲነጋ ገደሉን ስታይ ትስሚያታለሽ።

ሐኪሟ፦ ታዲያ ግራጫዋ ወንዝ ዳር የምትቆመውም ለዚሁ አይደል?

ገሪው፦ እሷማ በክረምት ብር ወንዝን እንድትሻገር እየተደበደበች የገባች ናት። ብር ሲሞላ ውሃው ይደፈርሳል፤ ታቹ አይታይም። ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ በምን ታውቃለች? በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 22 የተጻፈውን ታስታውሻለሽ። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ ደበደባት። እሷ ሰይፉን የመዘዘውን መልአክ መንገዱ ላይ ቆሞ አይታለች፤ ነቢይ የተባለው ጌታዋ አላየም። እኔ ወንዝ ዳር በቅሎ የሚደበድብ ጎረምሳ ባየሁ ቁጥር ይህን ምዕራፍ እነግረዋለሁ።

ሐኪሟ፦ የዓይኗ አቀማመጥም እሷን ይደግፋል። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ የማታየው ልክ ከኋላዋና ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን ነው። እግሯ ሥር ያለውን ለማየት አንገቷን ዝቅ ማድረግ አለባት። ጋላቢው ግን ወንዝ ሲያይ ፈርቶ ልጓሙን ይስባል። አንገቷ ቀና ሲል ውሃው ይሰወርባታል። ከዚያ የማታየው ቦታ እንድትገባ ከማታየው አቅጣጫ፣ ከኋላዋ፣ በዱላ ትመታለች።

ገሪው፦ እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው። ልጓሙን አወልቅና በገመድ እይዛታለሁ። ውሃው ዳር እንቆማለን፤ ታሽትተው፣ ትጠጣው። አልስባትም። ገመዱን ትንሽ ወጠር አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ገና አንድ እግሯን ወደ ፊት ስታነሳ ወዲያው አላላላታለሁ። ሚስጥሩ እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ስትራመድ ዕረፍት እንደምታገኝ ከገባት ነገ ራሷ ትራመዳለች። አንቺ ከተራመደች በኋላም መሳብሽን ካልተውሽ ግን፣ ብትራመድም ባትራመድም ያው ነው ብላ ትቆማለች። ደግሞ ብቻዋን አላስገባትም። አሮጊት ባዝራ አለችኝ፤ እሷን ፊት አስቀድማለሁ።

ሐኪሟ፦ ይህ የእርስዎ ዘዴ በሌላም አገር የታወቀ ነው። በስፔን፣ በደቡብ አሜሪካና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የጭነት በቅሎ የሚነዱ ሰዎች ከፊት ከፊት አንዲት ባዝራ ያስሄዱ ነበር፤ አንገቷ ላይም ቃጭል ያስሩላታል። በቅሎ በባዝራ ያደገች ስለሆነች ባዝራን ትከተላለች። በሌሊት ቢበተኑ እንኳ የቃጭሉን ድምፅ ሰምተው ይሰበሰባሉ።

ገሪው፦ እኛ ደግሞ «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሮ» እንላለን።

ሐኪሟ፦ ሁለቱም ልክ ነው። ልዩነቱ ቃጭሉ የታሰረው ማን አንገት ላይ ነው የሚለው ነው። በራሷ አንገት ከሆነ የምትሸሸው ድምፅ አብሯት ይሮጣል፤ በሮጠች ቁጥር ይብስባታል። በምታምናት ባዝራ አንገት ከሆነ ያው ድምፅ መንገድ ይመራታል። ጥቁሯን በቅሎ ከባጃጅ ለማስታረቅም መጀመሪያ የምናስበው ከማን ጋር ሆና ትስማው የሚለውን ነው።

ገሪው፦ እሷን ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ካለው ማሳ ጫፍ ከባዝራዋ ጋር አስሬ ገብስ እሰጣታለሁ። ባጃጁ ሲያልፍ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ማኘኳን ታቆማለች። መልሳ ማኘክ ስትጀምር ያ ርቀት ተችሏል ማለት ነው፤ በማግስቱ ትንሽ ቀረብ አደርጋታለሁ። ማኘኳን አቋርጣ ከቀረች መልሼ አርቃታለሁ። ባለቤቷን «ምን ደርሶባት ነበር?» ብለው «ምንም» አለኝ። ልጁ ነው ኋላ የነገረኝ፤ አጠገቧ የነበረ የጋሪ ፈረስ በመኪና ሲመታ አይታለች። ሰው ረስቶታል፤ እሷ አልረሳችውም።

ሐኪሟ፦ የማስታወስና የመለየት ችሎታዋ ተፈትኖ ታይቷል። በፈረንጆቹ 2009 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ፈረስን፣ አህያንና በቅሎን ጥንድ ጥንድ ሥዕል እያሳየ የትኛው ምግብ እንዳለበት እንዲለዩ ፈትኗቸው ነበር። በቅሎዎቹ ከእናትም ከአባትም ወገን በልጠው ተገኙ። ቶሎ የምትማር እንስሳ ደግሞ ክፉውንም ቶሎ ትማራለች። አንድ ቀን የደረሰባት ግፍ ለዓመታት ትምህርት ሊሆናት ይችላል።

ገሪው፦ በይ እንግዲህ ወደ ዳማዋ እንምጣ። አሟታል ብለሻል፤ አሳዪኝ።

ሐኪሟ፦ ከኋላዋ ሳይሆን ከትከሻዋ በኩል፣ እያነጋገርኳት ልቅረብ። እጄን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ፤ ተረጋግታለች። አሁን መዳፌን ከጫንቃዋ ወደ ጀርባዋ ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። ጆሮዋን ይመልከቱልኝ።

ገሪው፦ ወደ ኋላ አጠፈችው።

ሐኪሟ፦ ገና አልተጫንኳትም፤ ቆዳዋ ግን እጄ ሥር ተርገፈገፈ። እዚህ ይንኩ፤ ከአከርካሪዋ በግራ በኩል ትኩስ እብጠት አለ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ በዳማው ጸጉር መካከል ነጭ ጸጉር በቅሏል፤ በቀኝም እንዲሁ። ነጭ ሆና አልተወለደችም። ኮርቻ የላጠው ቆዳ ሲድን የሚያበቅለው ጸጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ታሪኳ ነው።

ገሪው፦ ገጣባ ነበረች ማለት ነው።

ሐኪሟ፦ ነበረች፤ በዚያው ቦታ ደግማ ልትገጠብ ነው። ኮርቻውን ያምጡልኝ። ይኸው፣ እነዚህ ሁለት እንጨቶች በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ አርፈው መሐሉን ባዶ መተው ነበረባቸው። ያያያዛቸው ጠፍር ስለላላ ተከፍተዋል፤ የኮርቻው መሐል አጥንቷ ላይ ተኝቷል። ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅም ላቧ ደርቆበት ጠጥሯል። አሁን አፏን እንክፈት። የከንፈሯ ጥግ በልጓሙ ብረት ተሰንጥቋል። የመንጋጋ ጥርሶቿ ጠርዝ ስለታም ሆኖ ጉንጯን ከውስጥ ቆርጧል፤ እሱን በሞረድ አስተካክልላታለሁ። እንዲህ ያለ ጀርባና አፍ ይዛ ኮርቻና ልጓም ሲመጣ መናከስ ካልሆነ በምን ትናገር?

ገሪው፦ እውነትሽን ነው። ምን እናድርግላት?

ሐኪሟ፦ ቁስሉ አፍልተው ባቀዘቀዙት የጨው ውሃ ይታጠብ። የተቃጠለ ዘይት አይቀባ፤ በጋለ ብረትም አትተኮስ። የጋማ ከብት ለመንጋጋ ቆልፍ በጣም ተጋላጭ ነው፤ በቆሸሸ ቁስል የገባው ተሕዋስ ይገድላታል። ኮርቻው ይጠገን፣ ጨርቁ ይታጠብ። ጀርባዋ ድኖ በእጅ ሲጫኗት ቆዳዋ መርገፍገፉን እስኪተው ድረስ ምንም እንዳይጫንባት።

ገሪው፦ ይህን ሁሉ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ቁስሉ ከዳነም በኋላ ትናከሳለች። ሐኪም መጥቶ አይቷት «ድናለች» ብሎ ሄዶ፣ ባለቤቷ ኮርቻ ሲያነሳ ተነክሶ «በሽታ አልነበረም፤ ተንኮል ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ዱላው ይብሳል። ገላዋ ቢድንም ኮርቻ ሲመጣ ሕመም ይመጣል ብላ የያዘችው ነገር አልወጣላትም።

ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ የእኔ መድኃኒት ያበቃል። እርስዎ ምን ያደርጋሉ?

ገሪው፦ መጀመሪያ ጨርቁን ብቻ አሳያታለሁ። ታሸተዋለች። ጀርባዋ ላይ ጣል አደርግና ለመናከስ ሳትዞር አነሳዋለሁ። ገብስ አቀምሳታለሁ። መልሼ ጣል፣ መልሼ አነሳለሁ። ጨርቅ ምንም እንደማያደርጋት ስታምን ኮርቻውን እንደዚያው። ጠፍሩን በአንድ ጊዜ አላጠብቅም፤ ትንሽ አጥብቄ አንድ ዙር አስሄዳታለሁ፣ ከዚያ ጥቂት እጨምራለሁ። ብትዞርብኝ አልመታትም፤ አልሸሽምም። ብመታት የፈራችው ሕመም መጣ፤ ብሸሽ መናከስ እንደሚያዋጣ አስተማርኳት። እጄን አንገቷ ላይ አድርጌ ባለሁበት እቆማለሁ።

ሐኪሟ፦ እንግዲህ ተራው ይኸው ነው አባባ። አስቀድሞ ሕመሟን መፈለግ፤ እሱ ሲድን የተማረችውን ፍርሃት ማስረሳት፤ ተፈጥሮዋ ነው ማለት የሚቻለው ሁለቱ ካለቁ በኋላ የቀረውን ብቻ ነው። ሰው ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ተፈጥሮዋ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ጀርባዋን የሚያይላት የለም።

ገሪው፦ ተስማምቻለሁ። የቀረው ተፈጥሮዋ ደግሞ ለሥራዋ መምረጫ ይሁን እንጂ ለቅጣት ምክንያት አይሁን። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲመለሱ አብሯቸው የገባው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። ጣሊያን እዚህ ቡሬና ማንኩሳ መሽጎ ይጠብቃል። ግመሉ የጎጃምን ደጋ ቁርና ዳገት አልቻለውም፤ በሺህ የሚቆጠር ግመል በየመንገዱ አለቀ። ግመል ሰነፍ ሆኖ ነው? በበረሃ ከእሱ የሚበረታ የለም። ያለቦታው ያቆሙት ፍጡር ሁሉ ደካማ ይመስላል።

ሐኪሟ፦ የእኛ ሰዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። መኳንንቱ መንገዱን በበቅሎ ይሄዱና የጦር ፈረሳቸውን ከጎን ያስስቡ ነበር፤ ፈረሱ ለውጊያው ይቆያል። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት በበቅሎ ነው።

ገሪው፦ የፈረሱ ስም ግን የጌታው ስም ሆነ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። እንጅባራም ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ ሲያምር! በቅሎ ግን ዳገቱን ሁሉ ተሸክማ ወጥታ ስም አላገኘችም። ስሟ የሚነሳው ስትራገጥ ነው።

ሐኪሟ፦ ስለ መራገጥ ካነሱ አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕመም የለባትም፣ ታክማለች፣ በትዕግሥት ተገርታለች፤ ሆኖም ሰው ትራገጣለች። የልጅ ጭንቅላት ልትፈነክት ትችላለች። እሷንስ?

ገሪው፦ ልጅ በሚበዛበት ቤት አትቀመጥም፤ መንገደኛም አትጭንም። ጠባይዋን የሚያውቅ አንድ ሰው ይይዛታል፤ እህል ትጭናለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቷ ሲሰለቻት ዐመሏን ደብቆ ገበያ ያወጣታል። ሻጩ ጥርሷን ከፍቶ ያሳያል፣ ዕድሜዋን ይናገራል፣ ሰጋር ናት ይላል። ገዥው ልጁን ያስቀምጥባታል።

ሐኪሟ፦ ሕጉም ባለቤቱን አይለቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ባያስበውም። ኃላፊነቱ የባለቤቱ እንጂ የበቅሎዋ አይደለም።

ገሪው፦ ኦሪት ደግሞ ያወቀውንና ያላወቀውን ይለያል። በዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ካልጠበቀው በራሱ ላይ ይፈረድበታል። ፍርዱ የሚከብደው እያወቀ ዝም ባለው ላይ ነው። ስለዚህ እኔ በቅሎ ስመልስ በባለቤቷና በምስክር ፊት እናገራለሁ፤ የምትፈራው ይህ ነው፣ የምትችለው ይህ ነው፣ ብትሸጣት ለገዥው ይህን ሳትናገር እንዳትሸጥ እለዋለሁ።

ሐኪሟ፦ እኔ ደግሞ የታከመችውን በጽሑፍ ልስጥዎት። ጀርባዋ እንዴት እንደነበር፣ ጥርሷ እንደተሞረደ፣ ኮርቻው መጠገን እንዳለበት እጽፋለሁ። ገዥ ቢመጣ ያንብበው። ለመሆኑ ሦስቱን ምን ወሰኑ?

ገሪው፦ ግራጫዋ የገደል መንገድ ለሚሄድ ሰው ትሁን፤ ጥንቃቄዋ እዚያ ይጠቅማል። ጥቁሯ ከአስፋልት ራቅ ላለ ቀበሌ ትሂድ፤ ባጃጁን እየለመደች ነው፣ ግን ከተማ መሐል ለዕለት ሥራ አልሰጣትም። ዳማዋ ተፈጥሮዋ ምን እንደሆነ ገና አላየሁም፤ ቁስሏ ሸፍኖታል። ስትድን አያታለሁ።

ሐኪሟ፦ ባለቤቷ ግን የማኅበር ጉዞ አለብኝ፣ ቶሎ ትመለስልኝ ብሏል አሉ።

ገሪው፦ ኮርቻውን መጀመሪያ ያሠራ። ሳያሠራ ቢመጣ በቅሎዋን ከበረት አላወጣለትም።

ሐኪሟ፦ ሽማግሌ ቢሰበስብብዎት እኔ መጥቼ ጀርባዋን አሳያቸዋለሁ።